በፈረቃ የተጠበቀ ቅርጫት

ጥቅምት 12

ለችኩሌ፣

አስተማሪያችን ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብላናለች። ያንቺን ጤና ግን አንቺው ጽፈሽልኛል፤ የተነገረኝን መልሼ ብጠይቅ የጃጀሁ ይመስልሻል። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል፣ አፌ ጤነኛ ነው።

ባለፈው የላክሁልሽን ሁለት መስመር ማን ጻፈልሽ ላልሽው፣ እኔው ነኝ። ፊደሎቹ አንዱ ዝሆን አንዱ ቁንጫ የሆኑት እጄ መወልወያ እንጂ እስክሪብቶ ስላልለመደ ነው። «ያ ሁሉ ናፍቆት የት ገባ?» ላልሽው ደግሞ ጫማ ሰፊውን ጎረቤታችንን ጠይቂው። እስከ ዛሬ ሲጽፍልኝ የኖረው እሱ ነው። እኔ «ደህና ነኝ በላት» እለዋለሁ፣ እሱ «ናፍቆትሽ አንጀቴን በላው» ብሎ ይጽፋል። የነቃሁት ያንቺን መልስ ራሴ ማንበብ ስጀምር ነው። ላልተናገርኩት ናፍቆት ስታመሰግኚኝ ኖረሻል።

በስልሳ አንድ ዓመቴ ምን ነክቶኝ እንደተማርኩም ልንገርሽ። ጡረታ ስወጣ የስፖርት አዳራሹ ኃላፊ በመስታወት የታቀፈ የምስጋና ወረቀት እንደሰጠኝ ታስታውሻለሽ። አራት ዓመት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለመጣ ሰው ሁሉ አሳየሁ። ምን እንደሚል ለማወቅ ስል ትምህርት ገባሁ፤ ማንበብ ስችልም መጀመሪያ ያነበብኩት እሱን ነው። የዘበኛው ነው። የኔ ደግሞ ዘበኛው ቤት ተሰቅሏል ማለት ነው። እሱም አላነበበውም። ሃያ ስድስት ዓመት ወለላቸውን ሳበራ ኖሬ ከዘበኛ የሚለየኝ አንድ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ 96 ለ 90 አሸነፍን፣ ሁለተኛውን 101 ለ 95 ተሸነፍን ትይኛለሽ። ይህ ቅርጫት ኳስ ነው ወይስ ከመኪና ላይ ዕቃ ማራገፍ? የፈትል ፋብሪካ ቡድን ያሠለጥናል የተባለ ሰው እንዲህ ይጫወታል? ማጥቃት ብቻ የሚያውቅ ቡድን ያለ ጠንካራ መከላከል ይሳካለት እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አይሳካለትም። ይኸው መለስኩልሽ።

ጨዋታ አልቆ ሰው ሲወጣ እኔ እገባ ነበር። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ወለል አነብ ነበር። የሚከላከል ቡድን ከቅርጫቱ ስር አጫጭር ጥቁር የጫማ ምልክት ጥሎ ይሄዳል፣ ወደ ጎን ወደ ጎን የተሳበ። እሱን ማስለቀቅ ጀርባ ይሰብራል። ዋንጫ የወሰዱት ቡድኖች ሁሉ ጀርባዬን የሰበሩት ናቸው። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እናትሽ ስትሞት በአራት ዓመትሽ ይዤሽ የገባሁት እዚያው ነው፣ መወልወያዬን እንደ ፈረስ ስትጋልቢ ያደግሽው እዚያው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከስምንቱ ቡድኖች እስከ አራተኛ ካልወጣችሁ ቡድኑ ይፈርሳል ማለቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከፈረሰ ወደ ቤት እመለሳለሁ ያልሽውንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክፍልሽ እንደነበረ ነው። ነይ ማለቴ አይደለም። እንደነበረ ነው ማለቴ ነው።

ስልክ አትደውዪልኝ። ስልክ ላይ የተናገሩትን ቀድዶ መጣል አይቻልም።

አክስትሽ

ጥቅምት 27

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ለልጆቹ ሳነብላቸው የዘበኛው ወረቀት ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተንከባለሉ። አትቆጪ፤ ወደውሽ ነው። ረጅሟ ልጅ «እኚህ ሴትዮ ለምን እዚህ መጥተው አያሠለጥኑንም?» አለች። ቅናት ያዘኝ።

ስለ ልጆቹ ልንገርሽ። አሥር ናቸው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ማሽን ፊት ቆመው ውለው ነው ወደ ልምምድ የሚመጡት። ረጅሟ ገና ከመግባቷ ወለሉ ላይ ጋደም ብላ እግሯን ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች። «አሠልጣኝ፣ እግሬን ፋብሪካው ወስዶታል፤ ላንቺ እጄን ብቻ ነው ያመጣሁልሽ» ትለኛለች። ሳቅሁባት። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጅቱ እውነቷን ነው። መከላከል ማለት እግር ነው። እኛ ጋ ደግሞ እግር የለም።

እጃቸውንና ዓይናቸውን ግን ብታዪ! ቀኑን ሙሉ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ይውላሉ። አንዷ ልጅ በመቶ የሚቆጠር እንዝርት ትጠብቃለች፤ ከወዲያኛው ጫፍ ክር ቢበጠስ ጀርባዋን ሰጥታም ቢሆን ታውቃለች። ኳሱንም እንዲሁ ነው የሚቀባበሉት፣ ሳይተያዩ። በግራ እጇ የምትጫወተው ልጅ አለች፣ ግራኝ ነው የምንላት፤ ተከላካይ ዘወር እስኪል ኳሷ ቅርጫት ውስጥ ናት። ምላሷም እንደዚያው ነው። ባለፈው የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች «አትሮጡም እንዴ እናንተ?» ብትላት፣ «ምን ያስሮጠናል፣ የሚያሳድደን ሲኖር አይደል!» አለቻት።

እኔም ያለንን እንጠቀም ብዬ ነው በማጥቃት የጀመርኩት። አራት ተጫውተን ሁለት አሸንፈናል፣ ሁለት ተሸንፈናል። አንቺ ግን አይሳካም አልሽ። በዚህ ጉዳይ ካንቺ በላይ የማምነው ሰው የለኝም። እና ምን ላድርግ?

ሐኪም ቤት ሄድሽ ወይ? ብቻሽንስ ምን ትሠሪያለሽ?

ያንቺው ችኩል

ኅዳር 9

ለችኩሌ፣

ሐኪሙ ያለውን ለሐኪሙ ትቼለት መጣሁ። ላንቺ ብጽፈው ጉልበቴ አይድንም፣ ወረቀት ብቻ ነው የሚያልቀው። ብቻዬን የምሠራውን ካልሽ ከግድግዳው ጋር እጣላለሁ። መልስ አይሰጠኝም። ከአዳራሹ ኃላፊዎች እሱ ይሻላል፤ እነሱ «አንቺ» እያሉ ይመልሱልኝ ነበር።

ልጆችሽ በኔ መሳቃቸው ደስ ብሎኛል። ሁለተኛ ግን እንዳታነቢላቸው።

እጅ ብቻውን ቤት አይጠብቅም። እግር የለንም ያልሽው የሰነፍ ወግ ነው። እኔ ባልዲ ተሸክሜ ሃያ ስድስት ዓመት ስቆም እግሬን ከማን ተበደርኩ? ይልቅ የምልሽን አድርጊ። ለሁለት ሳምንት ኳሱን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። ያለ ኳስ ወደ ጎን ይንሸራተቱ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን ዘርግተው። ወለሉ ከቅርጫቱ ስር እስኪጠቁር ድረስ። ከዚያ በኋላም ጨዋታውን አዝግሚው፤ ኳስ ይዘው ይቆዩ፣ ነጥቡ ይነስ። ነጥብ ሲያንስ መሸነፍም ያንሳል።

ግራኝ ያልሻት ልጅ ትቆጣለች። ትቆጣ። የተቆጣ ሰው ጥሩ ይከላከላል፤ እኔን እዪኝ።

ጫማ ሰፊው ሰላም በላት ብሎኛል። ናፍቆትም ጨምሮበታል፣ እኔ ግን ቀንሼዋለሁ።

አክስትሽ

ጥር 6

እትዬ፣

ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለቴ አኩርፌ አይደለም። የምጽፈው ደህና ነገር እስኪመጣ ስጠብቅ ነው። አልመጣም።

እንዳልሽው አድርጌያለሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ጨዋታዎች አራት አሸንፈን ሁለት ነበር የተሸነፍነው። ኳሱን ቆለፍኩት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ወለሉ ጠቆረ። ልጆቹ ግን ከወለሉ በላይ ጠቆሩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ተጫውተን ሦስቱንም ተሸንፈናል፤ የመጨረሻው 60 ለ 51 ነው። ነጥቡ አንሷል፤ መሸነፉ ግን አላነሰም። ስድስተኛ ነን፣ የቀሩን አምስት ጨዋታዎች ናቸው።

ረጅሟ ማሽኗ ፊት ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። ማሽኑ እጇን ሳይነካት ጓደኛዋ ጎትታ አወጣቻት። የክፍሉ አለቃ ጠርቶኝ «ልጆቹን ኳስ ነው የምታስተምሪያቸው ወይስ ድንጋይ ታሸክሚያቸዋለሽ?» አለኝ። ግራኝ ልምምድ መምጣት ትታለች። ልጠራት ቤቷ ብሄድ በሩን ገርበብ አድርጋ «አሠልጣኝ፣ ኳሱ ከእስር ሲፈታ ንገሪኝ» አለችኝ።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ምን ሆናችሁ? ድሮ ተሸንፋችሁም ሰው ደስ ብሎት ይወጣ ነበር። አሁን እናቴ ራሷ ጨዋታው ሳያልቅ ተነስታ ሄደች» አለ።

አንቺ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል ትዪኝ ይሆናል፣ አይደል? ልቀጥልበት? አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። ቀጥዪ ካልሽ እቀጥላለሁ። ባይሆንና ቡድኑ ቢፈርስም ከግንቦት ጀምሮ ካንቺ ጋር ነኝ፤ እሱም ክፉ አይደለም።

ችኩል

ጥር 19

ልጄ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው። ወረቀቱ ስላለቀብኝ አልቀደውም።

አትቀጥዪበት።

ዋንጫ የወሰዱት ሁሉ ጀርባዬን የሰበሩ ናቸው ያልኩሽ እውነት አይደለም። አንድ ቡድን ነበር፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት። የፖስታ ቤት ልጆች፤ ቀኑን ሙሉ ቆመው ደብዳቤ ሲለዩ የሚውሉ። እግር አልነበራቸውም፤ እጃቸው ግን እንደ ብልጭታ ነበር። እነሱ የተጫወቱ ቀን ወለሉን ለማጽዳት ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። እነሱ በሚጠብቁት ቅርጫት ስር ምንም ምልክት የለም። ሁለት ዓመት ተከታታይ ዋንጫ ወሰዱ።

እንዴት እንደሆነ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። ቀላል ነው። ኳስ ስታገቢ ተቃራኒው ኳሱን ከቅርጫቱ ስር አንስቶ፣ ከመስመር ውጪ ቆሞ ነው እንደገና የሚጀምረው። እሱን እስኪያደርግ የደከመ እግርም ተራምዶ ቦታው ይደርሳል። ስትስቺ ግን ኳሱ ነጥሮ እጁ ይገባል፣ ሮጦም ያጠፋሻል። ስለዚህ ደካማ እግር ያለው ሰው መከላከያው የሚያስገባው ኳስ ነው። እነዚያ ልጆች ቸኩለው አይወረውሩም ነበር። የተሻለ ቦታ ያለው ሰው እስኪያገኝ ይቀባበላሉ። ደግሞም ሁልጊዜ አንድ ሰው ኋላ ይቀር ነበር። ለማጥቃት አይሄድም። የበር መወርወሪያ በዪው። እሱ እንኳ ጎበዝ ተከላካይ አልነበረም፤ ግን እዚያ ነበር።

ስለዚህ ለጥያቄሽ እውነተኛው መልስ ይህ ነው፦ ያለ ጠንካራ መከላከል ይሳካል። ያለ ምንም መከላከል ግን አይሳካም።

ለምን በኅዳር አልነገርሽኝም ትያለሽ። ስለ እግራቸውና ስለ እጃቸው የጻፍሽልኝ ቀን እነዚያ ልጆች ዓይኔ ላይ መጡ። ከዚያ «ከፈረሰ ወደ ቤት እመለሳለሁ» የሚለው መስመርም መጣ። እስክሪብቶውን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ኳሱን ቆልፊበት ብዬ ጻፍኩ። ሆን ብዬ ነው ብልሽ ይከብደኛል፤ ሳላውቅ ነው ብልሽ ውሸት ነው። ቡድንሽ እንዲፈርስ ነው የመከርኩሽ። ያቺ ልጅ እጇን ልታጣ እንደምትችል አላሰብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የዚህ ቤት በር ተከፍቶ ስትገቢ።

ጫማ ሰፊው ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ያሳምረው ነበር። እኔ ማሳመር አልችልም። ይቅር በዪኝ። ባትዪኝም ቁምሳጥኑን ክፈቺው።

አክስትሽ

የካቲት 4

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አሁን የምጽፈው የለኝም።

ቁምሳጥኑን ከፍቻለሁ። ቅዳሜ 94 ለ 83 አሸነፍን።

የካቲት 15

ለልጄ፣

94 ለ 83 የሚለውን አንብቤ ትንሿን ወረቀት አጥፌ መጽሐፌ ውስጥ አስገባሁ። አስተማሪያችን ዕልባት መሰላት።

ምንም አልጠይቅሽም። መልስም አልጠብቅም፤ ግን ፖስተኛው በሰፈሩ ሲያልፍ ጉልበቴ እንደታመመ ረስቼ ደረጃውን እወርዳለሁ። ለሐኪሙ ብነግረው በደስታ መድኃኒቴን ያስቆመኛል።

ክፍል ውስጥ ከጎኔ አንዲት ልብስ አጣቢ አለች፣ የኔ እኩያ። ለወንድ ልጇ የሚላክ ደብዳቤ ስትጽፍ እዪልኝ አለችኝ። «ሙልጭ ያልክ ባለጌ፣ አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ ሰባት ዓመት» ይላል። «መጀመሪያ ስለ ጤናው ጠይቂው እንጂ» ብላት «ጤና ባይሆንማ ኖሮ ይመጣ ነበር» አለችኝ። ወደድኳት።

የረጅሟ ልጅ እጅ ደህና ነው ወይ? ይኸው ጠየቅሁ። አንድ ብቻ ነው።

አክስትሽ

መጋቢት 10

እትዬ፣

የረጅሟ እጅ ደህና ነው። አሁንም እግሯን ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች።

ተቆጥቼ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በልቤ ስጣላሽ ከረምኩ፤ በልቤም እንኳ አንቺው ነሽ የምታሸንፊኝ። ግራኝ ፊቴን አይታ «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። የሆነውን በግማሹ ነገርኳት። እሷም «እኔን እንዲህ ብሎ የሚፈልገኝ ዘመድ ቢኖር ኖሮ ቡድኑን ራሴ አፈርሰው ነበር» አለች። ቀልዷን ነው። ቀልድ ብቻ ግን አልነበረም። እሷ ማንም የላትም።

ከዚያ ወዲህ ንዴቱ አለቀብኝ። ይቅር ብያለሁ ብዬ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እንደ ትልቅ ሰው ያስመስለኛል። ስለዚህ ስለ ኳስ ልንገርሽ።

ኋላ የምትቀረውን ሰው እንዴት እንደምንመርጥ ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ እኩራራብሽ ነበር። ልጆቹ ፋብሪካ የሚገቡት በፈረቃ ነው፣ የዕረፍት ቀናቸውም የተለያየ ነው። ስለዚህ በጨዋታው ቀን ዕረፍት ላይ የነበረችው ልጅ እግሯ ትኩስ ነው፤ የበር መወርወሪያ እሷ ናት። አጭርም ትሁን ሰነፍም ትሁን። አሁን በር ሲንኳኳ እንኳ «የዛሬው መወርወሪያ ማን ነው?» ይባባላሉ። ሦስት አሸንፈን አንድ ተሸንፈናል።

የቀረን አንድ ጨዋታ ነው፣ ከባቡር ድርጅቱ ቡድን ጋር። እነሱ አራተኛ ናቸው፣ እኛ አምስተኛ። ያሸነፈ አራተኛ ይሆናል። ግን ፋብሪካው ትልቅ ትእዛዝ ተቀብሎ የዚያን ሳምንት ዕረፍት ሁሉ ሰርዟል። አሥሩም ስምንት ስምንት ሰዓት ቆመው ውለው ነው የሚመጡት። ትኩስ እግር የለም። ማንን ነው ኋላ የማስቀረው?

ችኩል

መጋቢት 19

ለችኩሌ፣

አላውቅም።

በዕድሜዬ ይህን ቃል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስናገርም ብዙ ጊዜ አይደለም። የፖስታ ቤቱ ልጆች አንድ ሰው ነበራቸው፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ቀኑን ተቀምጦ የሚውል። እናንተ የላችሁም። ወለል ላይ አይቼው የማላውቀውን ነገር ልነግርሽ አልችልም። ብነግርሽም ፈጥሬ ነው የሚሆነው፤ አንድ ጊዜ ፈጥሬ ነግሬሽ ያመጣውን አይተናል።

ልጆቹን ጠይቂ። እግሩ የነሱ ነው።

ፈርቻለሁ። ለማን እንደፈራሁ ግን አሁን ግልጽ ሆኖልኛል፤ ላንቺ ነው።

አክስትሽ

ሚያዝያ 2

እትዬ፣

አራተኛ ነን።

87 ለ 85። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ጻፊልኝ እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ግን ግማሹን አላየሁትም። ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ ነበር። ልጆቹ የነገሩኝን ነው የምነግርሽ።

ከጨዋታው በፊት በልብስ መቀየሪያው ክፍል እንዳልሽው ጠየቅኋቸው። «ዛሬ ትኩስ እግር የለንም። ማን ኋላ ይቅር?» ማንም ሰው ሳያጠቃ መዋል አይፈልግም፣ በተለይ በመጨረሻው ቀን። ግራኝ ጫማዋን እያሰረች «ማሽኑን በፈረቃ አይደል የምንጠብቀው?» አለች። «ቅርጫቱንም በፈረቃ እንጠብቀው። አራት አራት ደቂቃ። አራት ደቂቃማ ሬሳም ይቆማል።» ረጅሟ ከወለሉ ላይ ሆና «የመጀመሪያው ፈረቃ የኔ፤ በኋላ ስሜን ብትጠሩኝም አልሰማም» አለች። ሥራ የገቡ ይመስል ተራ ያዙ። እኔ አሠልጣኝ የሆኑት እነሱ ናቸው ብዬ ቁጭ አልኩ።

የመጨረሻው ፈረቃ የግራኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ነጥብ አግብታ የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃዎች ኋላ ቀረች። ሰዉ «ወደ ፊት! ወደ ፊት!» እያለ ሲጮህባት «ፈረቃዬ አላለቀም!» ብላ መለሰችላቸው። ሌሎቹ አገቡ። እሷ አንድም ኳስ አልነጠቀችም፣ አንድም አላገደችም። ግን እዚያ ነበረች። የባቡሮቹ ፈጣን ልጅ ሁለት ጊዜ ብቻዋን ሮጣ መጥታ እሷን ስታይ ቆመች። ፎጣውን ከፊቴ ሳወርድ ሰዓቱ አልቆ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቡድኑ ይቀጥላል ብሏል። እናቱም እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ነበር። ለኔ የሁለት ዓመት ውል አዘጋጅቷል። ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አልፈረምኩም።

አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፣ እንደ ጥር 19ኙ ደብዳቤ አድርገሽ መልሺልኝ። ማሸነፋችንን ስታነቢ ደስ አለሽ ወይስ ከፋሽ? ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ። ከልቤ ነው። ቡድኑ አሁን ያለ እኔም ይቆማል፤ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ።

ያንቺው ችኩል

ሚያዝያ 14

ለችኩሌ፣

መጀመሪያ ከፋኝ። እውነቱን ነው የጠየቅሽኝ። «አራተኛ ነን» የሚለውን አንብቤ በዚህ ቤት ያለውን ወንበር አንድ በአንድ አየሁት። ሦስት ነው። የምቀመጠው አንዱ ላይ ነው።

ከዚያ የቀረውን አነበብኩ። ግራኝ «ፈረቃዬ አላለቀም» ያለችው ላይ ስደርስ ሳላስበው ጮኼ ኖሯል፤ ጫማ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ ሮጦ ገባ።

«ምን ሆንሽ?»

«አሸነፉ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ሽንኩርት ነው።»

«የታለ ሽንኩርቱ?»

«ሂድና ግዛ።»

ሄዶ ገዛ። እኔ ደግሞ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስንት ዓመት እሱ ሲያነብልኝ ኖሮ እኔ ሳነብለት አየሽ? የሚያሳምርበት ቦታ አጥቶ ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ «ይህች ግራኝ የምትባለው ልጅ የጫማዋ ቁጥር ስንት ነው?» አለ። ሊሰፋላት አስቧል። ቁጥሩን ላኪልኝ።

ለልጅቱም ዘመድ የለኝም እንዳትል ንገሪልኝ። ከእንግዲህ እሷንም እቆጣታለሁ።

ስለዚህ መልሴ ሁለቱም ነው። መከፋቱ ግን እስከ ሽንኩርቱ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። አሁን ይህን ስጽፍልሽ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ከታች ልጆች ኳስ ያነጥራሉ፣ ልብስ አጣቢዋ ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ ልትመጣ ነው። ልጇ ጽፎላታል፤ አብረን ልናነበው ነው። ከዚያ ምን ብለን እንደምንሰድበው እንመክራለን። ደህና ነኝ። ይህን ጫማ ሰፊው አይደለም ያስጻፈኝ።

የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ሲጀመር ለመጀመሪያው ጨዋታ እመጣለሁ። የተቀመጥኩበት ጨዋታ እስከ ዛሬ የለም፤ ደህና ወንበር ያዢልኝ። ወለሉን ማን እንደሚወለውልላችሁም እንዳውቅ። ስሙን ጠይቂው።

ስለ ውሉ። ምክሬን ማመን ብትተዪ አልፈርድብሽም። ነይ ብዬሽ ብትመጪ ደስ ብሎኝ አልጠግብም፣ ለዚያም ነው እንዳልልሽ የምፈራው። አንድ ጊዜ ለራሴ የሚበጀኝን ላንቺ እንደሚበጅሽ አድርጌ ጻፍኩልሽ። አሁን የምጽፍልሽ እኔን የሚያመኝን ነው፤ ስለዚህ እመኚው።

ፈርሚ፣ ልጄ።

አክስትሽ